ትንሽ ልጅ ይዘው አዲስ አበባን በልከኛ ወጪ ለመጎብኘት

ከደሴ፣ ከጎንደር፣ ከሐዋሳ ወይም ከድሬዳዋ ተነሥተው ለሠርግ፣ ለሕክምና ወይም ዘመድ ለመጠየቅ አዲስ አበባ መምጣትዎ አይቀርም። እግረ መንገድዎን ልጅዎ ከተማውን ቢያይ ደስ ይልዎታል፤ የሚያሰጋዎት ወጪው ነው። ስጋትዎ ትክክል ነው፤ ብሩ የሚያልቀው ግን ብዙ ሰው በሚያስበው ቦታ አይደለም። ልጅ ይዞ የመጣን ሰው ኪስ ከመግቢያ ትኬት ይልቅ የልጁ ድካም ያራቁተዋል። የደከመ ልጅ የታክሲ ሰልፍ ስለማይችል ኮንትራት ይያዛል። የራበው ልጅ ምግብ ቤት እስኪመረጥ ስለማይታገሥ ፊት ለፊት የተገኘው ውድ ካፌ ይገባል። እንቅልፍ ያጣ ልጅ ስለሚያለቅስ ለማባበያ ያየው ሁሉ ይገዛለታል። ስለዚህ ወጪ ለመቀነስ የሚፈልግ ወላጅ መጀመሪያ የልጁን ጉልበት ይቆጥብ። ከዚህ በታች ያለው ምክር በሙሉ ከዚህ የሚነሣ ነው፤ በተለይም ከ3 እስከ 7 ዓመት ያሉ ልጆችን ይመለከታል።

1. ጊዜውን ይምረጡ

ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ወቅት ስለሆነ ብዙ ቤተሰብ የሚመጣው ያኔ ነው። የአዲስ አበባ ክረምት ግን ዝናቡ ከባድ ነው፤ የረጠበ ልጅ ደግሞ ብርድ ይመታዋል። ምርጫ ካለዎት ከመስቀል በኋላ ያሉት ሳምንታት ወይም የመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ይሻላሉ። በክረምት መምጣት ግድ ከሆነ የውጭውን ጉብኝት ጠዋት ጨርሰው፣ ጣሪያ ያለውን ቦታ ለከሰዓት ያቆዩት።

የበዓል ቀናትንም አስቀድመው ይመልከቱ። መስከረም 16 ደመራ በመስቀል አደባባይ ይበራል፤ በከተራና በጥምቀት ጃንሜዳ በሰው ይሞላል፤ ኅዳር ላይ ታላቁ ሩጫ ይካሄዳል። በእነዚህ ቀናት ዋና ዋና መንገዶች ይዘጋሉ። በዓሉን ለማየት የመጡ ከሆነ ትንሽ ልጅ ይዘው ወደ መሀል አይግቡ። ጠርዝ ላይ፣ መውጫ መንገድ ባለበት በኩል ይቁሙ፤ ሕዝቡ መበተን ሳይጀምርም ይውጡ።

2. ገንዘቡን ከመነሣትዎ በፊት ይከፋፍሉት

ከሁሉ በፊት የመመለሻ ትራንስፖርቱን ሂሳብ ለብቻ አውጥተው ያስቀምጡ። ያ ገንዘብ የለም ብለው ይቁጠሩት። ቀጥሎ ለድንገተኛ ሕመም የሚሆን መጠባበቂያ ይለዩ። የቀረውን በሚቆዩባቸው ቀናት ያካፍሉት፤ የቀኑን ድርሻ ደግሞ ለማደሪያ፣ ለምግብ፣ ለታክሲና ለመግቢያ ይደልድሉት። አንዱ ቀን ሲተርፍ ለነገው ይዛወር እንጂ የነገው ለዛሬ አይበደር።

ለልጅዎም የራሱን ድርሻ ይስጡት። «ይቺ ያንተ ብር ናት፤ በመጨረሻው ቀን የምትፈልገውን አንድ ነገር ትገዛባታለህ» ብለው ገና ከቤት ሳይወጡ ይንገሩት። በየሱቁ ደጃፍ «ግዢልኝ» ሲል «በብርህ ትገዛዋለህ? ወይስ ሌላ እናይ?» ብለው ይጠይቁት። አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ይህን በደንብ ይረዳል፤ መምረጥም ይማርበታል።

ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ አምና የመጣ ሰው በነገርዎት ሂሳብ አይመኩ። ከመነሣትዎ በፊት በከተማው ለሚኖር ዘመድ ወይም ወዳጅ ይደውሉና የታክሲውን፣ የአልጋውንና የምግቡን ዋጋ ይጠይቁ። አብዛኛውን ብር በቴሌብር ወይም በባንክ ይዘው፣ የቀን ወጪዎን ብቻ በዝርዝር ብር በእጅዎ ይያዙ። ኔትወርክ በሚጠፋበት ሰዓት የሚያድንዎት ይኸው ዝርዝር ብር ነው።

3. ማደሪያዎን ያስተካክሉ

ዘመድ ቤት ማረፍ ትልቁን ወጪ ያስቀራል፤ ያም ሆኖ የራሱ ወግ አለው። ባዶ እጅ አይግቡ። ከአገር ቤት የመጣ ማር፣ ቅቤ፣ በርበሬ ወይም ሽሮ በአዲስ አበባ ቤት ትልቅ ነገር ነው፤ ለእርስዎም እዚያው ገበያዎ ስለሚረክስ ከከተማ ስጦታ ይቀላል። ከደረሱ በኋላ ዳቦውን፣ አትክልቱን ወይም እንጀራውን በየተራ ይግዙ። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ብዙ ስለሆነ «እትዬ፣ ውሃ የሚመጣው መቼ ነው?» ብለው ይጠይቁና የልጁን ልብስ ማጠብና ገላውን ማጠብ ከዚያ ቀን ጋር ያስማሙ። የአስተናጋጅዎ ቤት በእናንተ መምጣት ካልተጨናነቀ ቆይታዎ ለሁሉም ደስ የሚል ይሆናል።

ፔንሲዮን የሚይዙ ከሆነ ርካሹን ከመፈለግዎ በፊት ቅርቡን ይፈልጉ። ከሚጎበኙት ቦታ ርቆ የተገኘ ርካሽ አልጋ ያተረፈልዎትን በታክሲ መልሶ ይወስደዋል። ሙዚየሞቹና ፓርኮቹ የሚበዙት በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ፣ በፒያሳና በስታዲየም አካባቢ ስለሆነ በዚያ ዙሪያ ይጠይቁ። ከመክፈልዎ በፊት ክፍሉን ገብተው ይዩ፤ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፍተው በእጅዎ ይሞክሩት፤ አንሶላውን ገልጠው ይመልከቱ፤ ከሥር መጠጥ ቤት እንዳለ ይጠይቁ። ሌሊቱን በሙዚቃ ድምፅ ሲገላበጥ ያደረ ልጅ በማግሥቱ አንድ ቦታ እንኳ አያስጎበኝም።

4. መንገዱንና ታክሲውን ይወቁ

የክፍለ ሀገር አውቶቡስ ማራገፊያው እንደ መጡበት አቅጣጫ ይለያያል፤ ላምበረት፣ ቃሊቲ፣ አየር ጤናና አስኮ በየበኩሉ መናኸሪያ አላቸው። ትኬት ሲቆርጡ የት እንደሚያራግፍ ይጠይቁ፤ ለሚቀበልዎት ሰውም ያንኑ ይንገሩ። ማታ የሚደርስ መኪና አይምረጡ። በጨለማ፣ ልጅ አዝሎና ሻንጣ ይዞ የቆመ ሰው የተጠየቀውን ይከፍላል።

በከተማው ውስጥ ርካሹ መጓጓዣ አንበሳና ሸገር አውቶቡስ፣ ቀጥሎም ሚኒባስ ታክሲ ነው። ሁሉም በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ይጨናነቃሉ። ስለዚህ ጠዋት ከ3 ሰዓት በኋላ ይውጡ፤ ከሰዓት ከ10 ሰዓት በፊት ይመለሱ። ይህችን አንዲት ነገር ካደረጉ የኮንትራት ታክሲ ወጪዎ ይቀንሳል። ሚኒባስ ሲሳፈሩ ገና በሩ ላይ ሳሉ ለወያላው «ልጁን አቅፈዋለሁ» ይበሉት፤ የታቀፈ ልጅ አይከፍልም፣ መቀመጫ ከያዘ ግን ይከፈልለታል። ታሪፉን ከጎንዎ የተቀመጠውን ሰው ጠይቀው ዝርዝሩን ያዘጋጁ። ሲወርዱም «ወራጅ አለ» ማለቱን ትንሽ ቀደም ያድርጉት፤ ልጅ ይዞ መውረድ ጊዜ ይፈልጋል። ሰው በሚጋፋበት በር ላይ ስልክዎን በኪስዎ አይተዉት።

ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ በአንቀልባ ወይም በነጠላ ማዘል ከጋሪ ይሻላል። ጋሪ በሚኒባስ ውስጥ ቦታ የለውም፤ የታዘለ ልጅ ግን እዚያው ጀርባ ላይ ይተኛል፣ የእርስዎም ሁለት እጆች ነፃ ይሆናሉ።

ቀድሞ ከተማውን የሚያውቁ ከሆነም ምልክቶችዎን እንደገና ይጠይቁ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ ፒያሳን ጨምሮ ብዙ ሰፈር ፈርሷል፣ መንገዱም ተቀይሯል። በተሠራው መንገድ ላይ ሰፊ የእግረኛ መሄጃና መቀመጫ ስላለ፣ አጭሩን መንገድ ልጅዎን እጁን ይዘው በእግር መሄድ አሁን የተሻለ ሆኗል።

5. በቀን አንድ ቦታ ብቻ ያሳዩት

ትልቅ ሰው በአንድ ቀን አራት ቦታ አይቶ ይመለሳል። ልጅ ሁለተኛው ላይ ይደክማል፤ ሦስተኛውን ቢያየውም አያስታውሰውም፤ ለአራተኛው የከፈሉት ደግሞ ለለቅሶው ይሆናል። ጠዋት አንድ ዋና ቦታ፣ ከዚያ ምሳና እንቅልፍ፣ አመሻሽ ላይ ገንዘብ የማይጠይቅ መጫወቻ፤ ይህ ይበቃል። የሚቀጥሉት አማራጮች በዚህ ልክ የተዘጋጁ ናቸው። የመክፈቻ ሰዓታቸውን በዋዜማው ያጣሩ።

የሙዚየም ቀን። ብሔራዊ ሙዚየም በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ መካከል፣ አምስት ኪሎ ላይ ይገኛል። መግቢያው ከፓርኮቹ ጋር ሲተያይ ቀላል ነው። ሁሉንም ፎቅ ላሳየው ብለው አይድከሙ፤ በቀጥታ ወደ ሉሲ (ድንቅነሽ) ይውረዱ። ድንቅነሽ የተገኘችው በ1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር ሲሆን ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ለእይታ የቀረበው የአጽሟ ቅጂ ነው፤ ዋናው በጥንቃቄ ይቀመጣል። ቁመቷ 1 ሜትር ከ10 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ስለነበር፣ ቆማ በምትታየው ምስል አጠገብ የአምስት ዓመት ልጅዎን ቢያቆሙት እኩል ሊሆኑ ምንም አይቀራቸውም። «እማዬ፣ ትልቅ ሰው ናት ወይስ ልጅ?» ማለቱ አይቀርም። ትልቅ ሰው እንደነበረች ይንገሩትና እሱ በየዓመቱ ቁመቱ እንደሚጨምር፣ እሷ ግን በዚያው እንደቀረች ያስረዱት። በዲኪካ በ1993 ዓ.ም. የተገኘችውን የሰላምንም ታሪክ ያጫውቱት። ሰላም ስትሞት የ3 ዓመት ገደማ ሕፃን ነበረች፤ የኖረችው ግን ከሉሲም በፊት፣ ከ3.3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። የልጅ ታሪክ ለልጅ ይገባዋል።

ልጅዎ ካልደከመው ወይም በሌላ ቀን፣ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ያለውን የኢትኖሎጂ ሙዚየም ይመልከቱ። ሕንፃው ቀድሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፤ የንጉሡ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት ሳይቀር ለጎብኚ ክፍት ነው። ልጆች ከሙዚየሙ ዕቃ ሁሉ ይልቅ «ንጉሥ የሚታጠበው እዚህ ነው?» የሚለው ይገርማቸዋል። ከሕንፃው ፊት ለፊት በጣሊያን ወረራ ጊዜ የተሠራ ጠመዝማዛ ደረጃ ቆሟል፤ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። ልጅዎ ከታች ቆሞ ደረጃዎቹን ይቁጠር። በግቢው በር መታወቂያ ስለሚጠየቅ ይዘው ይምጡ።

የእንጦጦ ቀን። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ፣ ከሽሮ ሜዳ ደግሞ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ታክሲ አለ። ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባን ከመቆርቆራቸው በፊት የተቀመጡት በዚሁ ተራራ ላይ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥት ሆነው የነገሡትም በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ነው። ከተማውን ከላይ ሆኖ ማየት፣ በባሕር ዛፉ መሀል መሮጥና ቅጠሉን ጨፍልቆ ማሽተት ለልጅ በቂ ጨዋታ ነው። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ውስጥ በክፍያ የሚጫወቱባቸው ነገሮች አሉ፤ ወደዚያ የሚገቡ ከሆነ «አንድ ጨዋታ ብቻ ትመርጣለህ» የሚለውን በር ላይ ሳይደርሱ ይስማሙ። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሚነሣ ከታች ፀሐይ ቢሆንም ላይ ይበርዳል። ሹራብ ይያዙ፤ ከቆላ የመጣ ልጅ ትንፋሽ ካጠረው ያሳርፉት።

የአንበሳ ቀን። ለመግቢያ ደህና ገንዘብ የሚያወጡበትን አንድ ቦታ ይምረጡ። ለትንሽ ልጅ እኔ የምመርጠው በ2012 ዓ.ም. በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ የተከፈተውን የአንድነት ፓርክ ነው፤ ጥቁር ጎፈር ያላቸው አንበሶች፣ የምኒልክ ግብር አዳራሽና የዙፋን ቤቱ በአንድ ግቢ ይገኛሉ። ጠዋት ሲከፈት ቢገቡ የከፈሉበትን ሰዓት በሙሉ ይጠቀሙበታል። ልጅዎ ትምህርት የጀመረና የዓድዋን ስም የሚያውቅ ከሆነ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ የተከፈተው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ይሻለዋል። ሁለቱንም በአንድ ጉዞ ማየት ግድ አይደለም።

ገንዘብ የማይጠይቁት። መስቀል አደባባይ አመሻሽ ላይ የልጆች ነው፤ በደረጃው የሚሮጠውንና ባለ ጎማ ጫማ አድርጎ የሚንሸራተተውን ማየት ብቻውን ያስደስታል። አራት ኪሎ የሚገኘው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት፣ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ክፍት ሲሆን የልጆች ክፍልም አለው፤ ዝናብ ሲይዝዎት ጥሩ መጠለያ ነው። ቀላል ባቡሩም፣ ትኬት ቢያስቆርጥም፣ ራሱ ጉብኝት ነው። ከስታዲየም በለገሃር፣ በሜክሲኮና በተግባረ እድ አድርጎ እስከ ልደታ ያለው መንገዱ በድልድይ ላይ ስለሚያልፍ ልጁ በመስኮት ከተማውን ቁልቁል ያያል። ሰው ባልበዛበት ሰዓት ይሳፈሩና በዚያው ይመለሱ።

6. ሆዱን ሳይርበው ይሙሉት

ጠዋት ከማደሪያዎ በልታችሁ ውጡ። ጨጨብሳ፣ ፍርፍር ወይም ገንፎ የበላ ልጅ እስከ ምሳ ይቆያል። በቦርሳዎ ዳቦ፣ ሙዝ፣ የተቀቀለ እንቁላልና የተበጠበጠ በሶ ይያዙ። ጭኮም ከአገር ቤት ይዞ ለመምጣት የሚመች ስንቅ ነው። ቆሎና ለውዝ ግን ለትንንሽ ልጆች አይስጡ፤ በተለይ በሚንቀሳቀስ መኪና ውስጥ ትን ሊላቸውና ትንፋሽ ሊዘጋባቸው ይችላል።

ምሳ ከዋናው መንገድ አንድ ቅያስ ገባ ብለው ይፈልጉ። የቢሮ ሠራተኛ የሚበዛበት ምግብ ቤት ዋጋው ልከኛ፣ ምግቡም ትኩስ ነው። ከ6 ሰዓት ትንሽ ቀደም ብለው ቢገቡ አይጠብቁም። ሳይቀመጡ «እህቴ፣ ለልጅ የሚሆን አልጫ አለ?» ብለው ይጠይቁ፤ በሽሮውም በወጡም በርበሬ ካለበት ልጁ ሳይበላ ሂሳብ ይከፍላሉ። አንድ ምግብ ለእርስዎና ለትንሽ ልጅ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ እንጀራ ብቻ ያስጨምሩ። ረቡዕ፣ ዓርብና በአጽዋማት ወተትና እንቁላል የማያቀርብ ቤት ስለሚበዛ የልጁን ከማደሪያዎ ይዘው ይውጡ። ጁስ ቤት ሲገቡ ፍሬው ሲታጠብ ይዩ፤ ካልታየዎት ራሱ የሚላጠውን ሙዝና ብርቱካን ይግዙለት። ሃይላንድ በየሱቁ ከመግዛት ደግሞ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ በኮዳ ይዞ መውጣት ይሻላል።

7. እንዳይጠፋ፣ እንዳይታመም

ልጅዎን «እናትህ ማን ትባላለች?» ብለው ይጠይቁት። ብዙ ልጅ «እማዬ» ብሎ ይመልሳል፤ በዚህ ከተማ ግን በዚህ ስም ማንንም ማግኘት አይቻልም። ከመምጣታችሁ በፊት የእናቱንና የአባቱን ሙሉ ስም በዜማ ያስጠኑት። የስልክ ቁጥርዎንና ያረፉበትን ሰፈር በወረቀት ጽፈው በላስቲክ ጠቅልለው በልብሱ ውስጥ፣ በማይታይ በኩል ይስፉት። «ከጠፋሁብህ ካለህበት ቦታ አትነቃነቅ፤ ለፖሊስ ወይም ልጅ ለያዘች እናት ንገር» ብለው ደጋግመው ይንገሩት። በየጠዋቱ ከመውጣታችሁ በፊት በዕለቱ ልብሱ ፎቶ ያንሡት፤ ቢጠፋ ምን እንደለበሰ ለማስረዳት አይቸገሩም። ፖሊስ 991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 መሆኑን በስልክዎ ይመዝግቡ። መርካቶ ለመሄድ ካሰቡ ልጁን ከአንዳችሁ ጋር ቤት ይተዉት፤ ለዋጋ የሚከራከር ወላጅ ዓይኑ ልጁ ላይ አይሆንም።

አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ጀንበር ስትጠልቅ ብርዱ ይመጣል። ባርኔጣና ሹራብ አብረው ይያዙ። ተቅማጥ ከጀመረው ከፋርማሲ ኦ አር ኤስ ይግዙና አንዱን ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጠው ቶሎ ቶሎ በጥቂት በጥቂቱ ያጠጡት፤ ትኩሳት ወይም ደም ካለው፣ ዝሎ ከተኛም ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። መኪና ለሚያስመልሰው ልጅ ፌስታል፣ ፎጣና ቅያሪ ልብስ ከእጅዎ አይለዩ። ሽንት ቤት ባገኙ ቁጥር፣ «አልመጣብኝም» ቢል እንኳ ያስገቡት።

8. የመጨረሻውን ቀን ባዶ ያድርጉት

ከመመለስዎ በፊት ያለውን ቀን ለጉብኝት አይመድቡት። ልጁ ጠግቦ ይተኛ፤ ልብሱ ይታጠብ፤ ከሰዓት በኋላ በራሱ ብር የፈለገውን አንድ ነገር ይግዛ። ከዘመድ ቤት ካረፉ ያደራችሁበትን ክፍል አስተካክለው፣ የቀረዎትን አስቤዛ ትተው አመስግነው ይውጡ። ትኬትዎ ለጠዋቱ መኪና ይሁን።

አገር ቤት ሲደርሱ ያወጡትን ሂሳብ በአንድ ወረቀት ይጻፉ፤ ታክሲው ስንት፣ አልጋው ስንት፣ መግቢያው ስንት፣ ልጁ የወደደው የትኛውን፣ የደከመውስ የት ላይ። ከእርስዎ ቀጥሎ ልጅ ይዞ ለሚመጣ ጎረቤት ወረቀቱን ይስጡት። ያ ሰው በተራው ሲመለስ ዋጋውን አድሶ ለሌላ ያስተላልፋል፤ እንዲህ ሲሆን የሰፈራችሁ ልጆች ሁሉ ወላጆቻቸው ሳይበደሩ የአገራቸውን ዋና ከተማ ማየት ይችላሉ።